የዳይ ዕዳ፤ የአውቶሞቢል አካል ላሜራ አቀራረጽ ታሪክ

አንድ ጠፍጣፋ ላሜራ የአውቶሞቢል ፓራፋንጎ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው፣ ባለሙያው መዶሻውን ይዞ ጥቂት በጥቂት እየቀጠቀጠ፣ እየዘረጋና እየሰበሰበ ቅርጹን ያወጣዋል። በሁለተኛው፣ ዳይ የሚባለው ወንድና ሴት የብረት ቅርጽ ማውጫ በታላቅ ፕሬስ ላይ ይጠመድና ላሜራውን በአንድ ምት ወደሚፈለገው ቅርጽ ያስገባዋል። በመጀመሪያው መንገድ የአንደኛውና የመቶኛው ፓራፋንጎ ድካም ያው ነው። በሁለተኛው ግን ገና አንድ ፓራፋንጎ ሳይወጣ የፋብሪካው ባለቤት የዳዩን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ መቶ ሺሕኛው በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ከላሜራው ዋጋ በቀር ይህ ነው የሚባል ወጪ አይኖርበትም። የአውቶሞቢል አካል ሥራ የመቶ ዓመት ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ ዕዳ ጋር የተደረገ ግብግብ ነው፤ ይኸውም ዳይ ያመጣውን ርካሽነት ሳይለቁ ዳይ የነሣውን የቅርጽ ልዩ ልዩነት መልሶ ለማግኘት የተደረገው ጥረት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተር ያለው ሠረገላ በተፈጠረ ጊዜ የአካሉ ሥራ የወደቀው በፈረስ ሠረገላ ሠሪዎች እጅ ነበር። እነርሱም የለመዱትን አደረጉ፤ አጽሙን ከጠንካራ እንጨት ሠርተው ላሜራውን በላዩ አለበሱት። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ላሜራውን በሁለት የብረት መንኰራኵሮች መካከል ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ያጎብጡት ነበር። የኢጣልያኖቹ መሣሪያ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ አሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢትና የእንጨት መዶሻ። ኢጣልያኖች ይህን ሙያተኛ ላሜራ ቀጥቃጭ በሚል ስም ይጠሩታል፤ በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚሰማው «ባትላሜራ» የሚለው የሙያ ስም፣ «ላሜራ»፣ «ኮፈን»ና «ፓራፋንጎ» ከሚሉት ቃላት ጋር፣ የመጣው ከዚያው ቋንቋ ነው።

የእጅ ሥራ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ለማየት የሞዴናውን ሰርጂዮ ስካልዬቲን ማስታወስ ይበቃል። በ1962 እና በ1964 መካከል ለፌራሪ 250 ጂ.ቲ.ኦ. የአሉሚኒየም አካል የሠራው እርሱ ነው። ቅርጹን በዐይኑ እየመጠነ በመዶሻ እያወጣ የሠራቸው እነዚህ አውቶሞቢሎች ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት ውስጥ ይቈጠራሉ። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተሠሩት ሁሉ ተደምረው 36 ብቻ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ሁለቱን አጠጋግቶ በጥንቃቄ የለካ ሰው ልዩነት ማግኘቱ አይቀርም። እጅ ማንኛውንም ቅርጽ ያወጣል፤ ያንኑ ቅርጽ ደግሞ ማውጣት ግን አይሆንለትም።

ዳይን ወደ አውቶሞቢል አካል በሙሉ ልብ ያስገባው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባድ ነው። ባድ በ1912 በፊላደልፊያ ኩባንያውን ሲያቋቁም ዐሳቡ እንጨቱን ፈጽሞ አስቀርቶ አካሉን በሙሉ በፕሬስ ከወጣ ብረት፣ በብየዳ እያያያዙ መሥራት ነበር። ከእርሱ ጋር የነበረው መሐንዲስ ጆዜፍ ሌድዊንካ ይባላል። የዶጅ ወንድማማቾች በ1914 የራሳቸውን አውቶሞቢል ለገበያ ሲያቀርቡ አካሉን ያዘዙት ከባድ ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ጉዳይ አለ። ብረቱ እንጨቱን ያሸነፈው በጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ በቀለሙም ጭምር ነው። የእንጨት አጽም ያለው አካል በጋለ ምድጃ ውስጥ ሊገባ ስለማይችል ቀለሙ በየድርቡ በራሱ እስኪደርቅ ለሳምንታት ይቈይ ነበር። ሙሉ ብረት የሆነው አካል ግን ተቀብቶ በምድጃ ይጋገራል፤ በአጭር ጊዜም ይወጣል። በዚህ መንገድ ጋራዦችን ሞልተው ይቈዩ የነበሩት ያልተጨረሱ አካላት ብዛት ቀነሰ፤ የፋብሪካው ገንዘብም በፍጥነት መዞር ጀመረ።

ዘዴው ወደ አውሮጳ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። አንድሬ ሲትሮኤን ከባድ ፈቃድ ወስዶ በ1924 በፓሪስ ትርኢት ሙሉ የብረት አካል ያለው አውቶሞቢል አቀረበ። በ1926 ደግሞ በኦክስፎርድ አጠገብ በካውሊ፣ ዊሊያም ሞሪስ ከባድ ኩባንያ ጋር ተባብሮ የብረት አካል ፋብሪካ ተቋቋመ።

የዳይን ዕዳ ለመረዳት ሥራውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ላሜራው በሴቴው ዳይ አፍ ላይ ይተኛል፤ ዙሪያውን አንድ ያዥ ቀለበት በተመጠነ ኀይል ይጫነዋል፤ ከዚያም ወንዱ ዳይ ይገፋና ላሜራውን ወደ ጉድጓዱ ይስበዋል። ያዡ ከልክ በላይ ከላላ ላሜራው እንደ ቀሚስ ይጨማደዳል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ከማእዘኑ ላይ ይተረተራል። ቅርጹ ደኅና ሆኖ ከወጣ በኋላም ብረት የመለጠጥ ጠባይ ስላለው ኀይሉ ሲለቀው ጥቂት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ዳይ ሠሪው ከሚፈለገው ትንሽ አለፍ ያለ ቅርጽ አስቀድሞ መስጠት አለበት፤ ይህን ያህል ነው ብሎ የሚወስነውም ለረጅም ዘመን በልምድ ነበር። አንድ ፓራፋንጎም በአንድ ምት አያልቅም። አንዱ ፕሬስ ይስበዋል፣ ሌላው ጠርዙን ይከረክመዋል፣ ሌላው ይበሳዋል፣ ሌላው ጠርዙን ያጥፈዋል። ለየምቱ የየራሱ ዳይ ያስፈልጋል፤ የትልልቆቹ ክፍሎች ዳይም ጊዛ ከሚባለው ብረት ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ፣ በቶን የሚመዘን፣ ተፍቆና ተሞክሮ፣ በመጨረሻም በእጅ ተወልውሎ ለሥራ የሚበቃ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ አዲስ አውቶሞቢል የዳዮች ዝግጅት ከአንድ ዓመት በላይ ቢፈጅ የሚያስገርም አይደለም።

ውጤቱ ከቴክኒክ አልፎ የኩባንያዎችን ዕድል የሚወስን ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ በ1927 በሃርሊ ኧርል የሚመራ የቅርጽና የቀለም ክፍል አቋቁሞ የአውቶሞቢሎቹን መልክ በየዓመቱ መለዋወጥን ልማድ አደረገ። ይህን ለማድረግ የቻለው እጅግ ብዙ ስለሚሸጥና አንዱን መሠረታዊ አካል ለበርካታ የንግድ ስሞቹ ስለሚያካፍለው ነበር። አነስተኞቹ ኩባንያዎች በዚህ ሩጫ መተንፈስ አልቻሉም። ሃድሰን በ1948 ሞዴሉ ያወጣው ዝቅ ያለና ጠንካራ አካል በጊዜው እጅግ የተደነቀ ነበር፤ ነገር ግን ሻንሲና አካል በአንድነት የተሠሩበት በመሆኑ መልኩን ለመለወጥ አብዛኛውን ዳይ እንደ አዲስ መሥራት ይጠይቅ ነበር። ገንዘቡ ስላልነበረ ቅርጹ ሳይለወጥ እስከ 1954 ቈየ። የነበረውን ጥሪት ደግሞ ጄት ለተባለች አነስተኛ አውቶሞቢል ዝግጅት አፈሰሰው፤ ገበያም አላገኘችም። በዚያው በ1954 ሃድሰን ከናሽ ጋር ተዋሐደ፤ ከ1957 በኋላም ስሙ ከአውቶሞቢል ላይ ጠፋ።

የሲትሮኤን ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1934 የወጣው፣ የፊት ጎማዎቹ የሚነዱትና ሻንሲ የሌለው ትራክሲዮን አቫን የዘመኑ ድንቅ ሥራ ነበር። ኩባንያው ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ከስሮ በሚሽለን እጅ ገባ። ለኪሣራው የዳዮቹ ወጪ ብቻ ተጠያቂ ነው ማለት አይቻልም፤ ፋብሪካው እንደ አዲስ ተሠርቶ ነበር፤ የዓለም ኤኮኖሚ ቀውስም ነበር። ያም ሆነ ይህ አውቶሞቢሉ ባለቤቱን ቀብሮ እስከ 1957 መሠራቱን ቀጠለ፤ ዳዩ አንዴ ከተከፈለበት ወዲያ አለመጠቀም ሞኝነት ነውና። እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው፣ መሠረታዊ ቅርጿን ያልቀየረችው ቮልስዋገን የዚሁ ሎጂክ ልጅ ናት።

ከዕዳው የመጀመሪያውን ማምለጫ ያገኙት ጃፓኖች ናቸው፤ ያገኙትም ዳዩን በመለወጥ ሳይሆን የዳዩን አገባብና አወጣጥ በመለወጥ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በአንድ ፕሬስ ላይ ዳይ ለመቀየር ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅባቸው አንዱን ፕሬስ ለአንድ ክፍል ብቻ ለወራት መመደብን ይመርጡ ነበር። ለቶዮታ ይህ የማይታሰብ ነበር፤ እስከ 1950 በነበሩት 13 ዓመታት ውስጥ የሠራቸው የቤት አውቶሞቢሎች 2,685 ብቻ ናቸው። ይህን በመሰለ ቍጥር በመቶ የሚቈጠር ፕሬስ ተክሎ እያንዳንዱን ለአንድ ክፍል ማዋል አይቻልም። ስለዚህ ታይቺ ኦኖ ጥቂቶቹን ፕሬሶች ለብዙ ክፍሎች ለማዋል ዳዩን ቶሎ ቶሎ መቀያየር የግድ ሆነበት።

የዚህን ጥበብ ሥርዐት በጽሑፍ ያስቀመጠው ሺጌዮ ሺንጎ ነው። ሺንጎ በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በ1950 በሂሮሺማ ቶዮ ኮግዮ በተባለው የማዝዳ አውቶሞቢሎች ፋብሪካ አንድ የ800 ቶን ፕሬስ ዳይ ሲቀየር ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። በመካከሉ አንድ ብሎን ጠፋ። ሠራተኛው ሊፈልግ ሄደ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቈይቶ ብሎኑን ይዞ ተመለሰ። አገኘኸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አላገኘሁም አለ፤ ከአጠገቡ ካለው መኪና ረጅሙን ብሎን ፈትቶ፣ ቈርጦና ጥርስ አውጥቶለት ኖሯል የዘገየው። የዚያ የሌላው መኪና ዳይ በተራው ሲቀየር ምን ሊደረግ እንደሆነ ሺንጎን አሳሰበው። ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ከራሱ ቤት እንደ ሰማው አድርጎ ይቈጥረዋል። ሺንጎ ግን ከዚህ ተነሥቶ አንድ ቁም ነገር ለየ፤ ፕሬሱ ቆሞ ብቻ የሚሠራ ሥራ አለ፣ ፕሬሱ ሳይቆም አስቀድሞ ሊሠራ የሚችል ሥራም አለ፤ ሁለቱ ግን በዘልማድ ተደበላልቀው ፕሬሱ በቆመበት ሰዓት ይሠራሉ።

የልዩነቱ ፍሬ የታየው በ1969 በቶዮታ የአካል ክፍል ነው። በዚያ የነበረ የ1,000 ቶን ፕሬስ ዳዩን ለመቀየር አራት ሰዓት ይወስድበት ነበር፤ የጀርመን ቮልስዋገን ያንኑ በሁለት ሰዓት ይጨርሳል የሚል ወሬም ደርሷቸዋል። ሺንጎና የቶዮታ ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ወደ 90 ደቂቃ አወረዱት። በዚህ ደስ ሲላቸው የበላይ ኀላፊዎች ወደ ሦስት ደቂቃ አውርዱት የሚል ትእዛዝ ሰጡ፤ ይህም በሦስት ወር ውስጥ ተፈጸመ። መንገዱ ተራ ነው። የዳዮቹ ቁመት አንድ እንዲሆን ከሥራቸው ንጣፍ ተደረገላቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው ብሎን በአንድ ዙር በሚይዝ ማጥበቂያ ተተካ፤ ተረኛው ዳይ ፕሬሱ ከመቆሙ በፊት ተሰናድቶ በአጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። ከዚህ ወዲያ በአንድ ቀን ውስጥ ጥቂት በሮችን፣ ጥቂት ኮፈኖችን፣ ጥቂት ጣሪያዎችን ማውጣት ተቻለ። የተበላሸ ክፍልም በሺሕ ተከምሮ ከወር በኋላ ከመገኘት በዚያው ሰዓት መታየት ቻለ። የዳዩ ዋጋ ግን ንቅንቅ አላለም። የቶዮታ ሰዎች የቀነሱት የፕሬሱን ሥራ ፈትነት እንጂ የመጀመሪያውን ፓራፋንጎ ዋጋ አይደለም።

ያንን ዋጋ ለመንካት የተነሡት ከአውቶሞቢል ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አውሮፕላን ብዙ ዐይነት ክፍል አለው፤ ከየዐይነቱ የሚፈለገው ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለየክፍሉ ወንድና ሴት ዳይ መሥራት ከመጀመሪያውም አያዋጣም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ በዳግላስ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሄንሪ ጌሪን ከሁለቱ ዳዮች አንዱን በጐማ ተካው። ወፍራም ጐማ በብረት ሣጥን ውስጥ ታስሮ ሲጫኑት መሸሻ ስለሌለው እንደ ፈሳሽ በየአቅጣጫው ይገፋል፤ ከሥሩ ባለው ቅርጽ ላይ የተኛውን ላሜራም አጣብቆ ያለብሰዋል። ጐማው ለማንኛውም ቅርጽ ሴቴ ዳይ ይሆናል። ታችኛው ቅርጽ ከእንጨት ቢሠራም ለጥቂት ክፍል ይበቃል። ድክመቱ ጥልቅ ቅርጽ አለመቻሉ ነው፤ ያዥ ቀለበት ስለሌለው ላሜራው ቶሎ ይጨማደዳል። ይህን ጉድለት ለማሻሻል ኋላ የማርቲን ኩባንያ በጐማው ላይ ያዥ ጨመረበት፤ የሲንሲናቲ መኪና ሠሪዎች ደግሞ ከጐማው በስተጀርባ ዘይት አስገቡ።

ዘይቱን እስከ መጨረሻው ያደረሰው መንገድ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ስዊድናዊው ባልትሳር ፎን ፕላተን በወጣትነቱ ከካርል ሙንተርስ ጋር ሆኖ ያለ ሞተር በነበልባል ሙቀት የሚሠራውን ማቀዝቀዣ የፈለሰፈ ሰው ነው፤ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ያየ ሰው የእርሱን ዐሳብ አይቷል። ፎን ፕላተን ቀጥሎ ሰው ሠራሽ አልማዝ ለመሥራት ተነሣና አሴአ የተባለው የስዊድን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ረዳው። እጅግ ከፍተኛ ግፊት ለሚሰጠው መሣሪያ የተሰጠው ስም ኩዊንቱስ ነበር። በየካቲት 1953 አልማዙ ተገኘ፤ ስዊድናውያኑ ግን ዝም አሉ፤ በ1955 የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የራሱን ውጤት ዐውጆ ክብሩን ወሰደው። አሴአ ከድካሙ የተረፈውን ዕውቀት፣ ይኸውም ታላቅ ግፊትን በብረት ሽቦ በተጠመጠመ አካል ውስጥ ደኅንነቱ ተጠብቆ የማሰር ጥበብን፣ ወደ ላሜራ ፕሬስ አዞረው። በዚህ ፕሬስ ከጐማ ሽፋን በላይ ያለው ዘይት ከባሕር ወለል አየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ይገፋል። ከሥር የሚተኛው ነጠላ ቅርጽ ከሙጫ ወይም ከዚንክ ቢሠራ ይበቃዋል። ወንድና ሴት ዳይ ለአንድ የላሜራ ውፍረት ብቻ ተመጥነው ይሠራሉ፤ ዘይቱ ግን ውፍረት አይመርጥም። በአንድ ሰፊ ሣህን ላይ ልዩ ልዩ ቅርጾች ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድ ዑደት አብረው መውጣት ይችላሉ። ዑደቱ በደቂቃ እንጂ በሴኮንድ ስለማይቈጠር ለብዙ ምርት አይሆንም። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች የያዙት ለሙከራ አካልና በጥቂቱ ለሚሸጡ ሞዴሎች ነው።

ጋዝም በተራው ገብቷል። አንዳንድ የአሉሚኒየም ቅይጦች ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀርቡ እንደ ሞቀ ሙጫ ይለጠጣሉ፤ በአየር ግፊት ተነፍተው በአንድ ቅርጽ ላይ ይለበሳሉ። የእንግሊዙ ሞርጋን ረዣዥም ፓራፋንጎዎቹን በዚህ ዘዴ ማሠራት ጀመረ፤ ጄኔራል ሞተርስም ፍጥነቱን አሻሽሎ በ2004 ማሊቡ ማክስ የኋላ በር ላይ አውሎታል።

እነዚህ ሁሉ ግማሽ ዳይ ያስቀራሉ። ዳዩን በሙሉ የማስቀረት ዐሳብ የተጻፈው በ1967 ኤድዋርድ ሌዛክ በአሜሪካ ባገኘው የፈጠራ መብት ላይ ነው። ላሜራው ዙሪያውን ተይዞ ይወጠራል፤ ጫፉ ሉል የሆነ አንድ ዘንግ ላሜራውን እየተጫነ በተፈለገው መስመር ይዞራል፤ አንድ ዙር ሲጨርስ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሁለተኛውን ይጀምራል። ሸክላ ሠሪ ገንቦ ስታወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ለመገመት አይቸገርም። ዐሳቡ ግን ዘንጉን በሺሕ በሚቈጠሩ ነጥቦች ላይ ያለ ስሕተት የሚመራ ኮምፒዩተር ጠብቆ ቈየ፤ በ1990ዎቹ በጃፓን ተመራማሪዎች እጅ ነበር ኀይል ያገኘው።

በተፈጥሮ የመጣ ገደብ አለበት። ላሜራው ከዙሪያው ስለማይሳብ ቅርጹ የሚወጣው በመሳሳት ብቻ ነው። ግድግዳው ከአግድሙ 60 ዲግሪ ከቆመ ውፍረቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 70 ዲግሪ ሲደርስ ከሢሶ እምብዛም አያልፍም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ በአንድ ጉዞ ፈጽሞ አይወጣም። ብረቱ ወደ ነበረበት የመመለሱ ችግርም እዚህ ይበረታል። ፕሬስ በሴኮንዶች የሚጨርሰውን ዘንጉ በሰዓታት ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ ዳይን ይሽረዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ የሚሽረው ዳይ ሊሠራ የማይገባበትን ቦታ ነው። በ2013 ፎርድ በዲርቦርን የምርምር ማእከሉ ሁለት ዘንጎች ከላይና ከታች ሆነው አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚደግፍበትን መሣሪያ ሲያሳይ የተናገረውም ይህንኑ ነበር፤ ለሙከራ የሚፈለግ ክፍል በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲደርስ።

ከሁሉም ለጋራዥ ሰው ቅርብ የሆነው የኒሳን ሙከራ ነው። አንድ ሞዴል ከገበያ ከወጣ በኋላ ዳዮቹ ለዘለዓለም አይቀመጡም፤ ቦታ ይይዛሉ፣ ይዝጋሉ፣ በመጨረሻም ቀልጠው ሌላ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ የተጋጨ ፓራፋንጎ ወይ ከተጣለ አውቶሞቢል ላይ ይነቀላል፤ ወይ በእጅ ይሠራል። በአዲስ አበባ መንገዶች ከተሠሩ ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸው አውቶሞቢሎች አሁንም የሚታዩት በባትላሜራዎች መዶሻ ነው። ኒሳን በጥቅምት 2019 እንዳስታወቀው፣ ሁለት ሮቦቶች ፊት ለፊት ቆመው በመካከላቸው የተወጠረውን ላሜራ ከግራና ከቀኝ እየተጫኑ ቅርጹን ያወጣሉ፤ የታሰበውም መሠራታቸው ላቆሙ ሞዴሎች መለዋወጫ አካል ለማቅረብ ነው። በሮቦቶቹ ዘንግ ጫፍ ላይ ላሜራው ሳይፋቅና ያለ ቅባት እንዲንሸራተት የተለበጠው ነገር አልማዝ ነው።